ከሩቅ ያለ ዘመድን ለቤት ምርቃት ስትጠሩ

ይህን የምጽፈው ቤት ሠርታችሁ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላችሁ ልታስመርቁ ለምትዘጋጁ፣ ዘመዶቻችሁ ግን ግማሹ አገር ቤት ግማሹ ባሕር ማዶ ለሆኑባችሁ ነው። እኔና ባለቤቴ ጥር 2011 ዓ.ም. የካ አባዶ ያለውን ቤታችንን ስናስመርቅ የእሱ ዘመዶች ወሎ፣ የእኔ ጎጃም፣ የቀሩት ደግሞ ጅዳና ዋሽንግተን ነበሩ። ጠላውና ዳቦው፣ ወጡና ቁርጡ ብዙም አላስጨነቀንም፤ ጎረቤትና እህት ተሰባስቦ ያደርሰዋል። እንቅልፍ የነሳን ጥሪው ነበር።

ምክንያት ነበረን። ከእኛ ቀደም ብሎ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤት ሲያስመርቅ የተፈጠረ ቅያሜ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎት ቆይቷል። እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፈች ወንድማማቾቹን ያሳደጓቸው የአባታቸው እህት ናቸው፤ ሁላችንም «እቴቴ» ነው የምንላቸው። የሚኖሩት ኮምቦልቻ አካባቢ ገጠር ነው። ወንድምየው «መንገዱ ይከብዳቸዋል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል» ብሎ አሰበና ራሱ ሳይደውልላቸው አዲስ አበባ ለሚማር የልጅ ልጃቸው «ለእቴቴም ንገርልኝ» ብሎ ተወው። ልጁ ፈተና ላይ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ አለፈ። እቴቴ የድግሱን ወሬ የሰሙት ከገበያ ሲመለሱ፣ ፎቶውን በስልኩ ካየ የጎረቤት ልጅ ነው። «ያሳደግሁት ልጅ ቤት ሲገባ ከጎረቤት ልስማ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ለልቅሶ አዲስ አበባ ሲመጡ እንኳ እሱ ቤት አላደሩም። እሱ ደግሞ «አስቤላቸው ነው» እያለ ልቡ ይደማል።

ሁለቱንም እወዳቸዋለሁና በመካከል ሆኖ ማየቱ በጣም ከባድ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው፦ «ይከብዳቸዋል» ብላችሁ ለሌላ ሰው አትወስኑ። መምጣት አለመምጣቱን የሚቆርጠው ተጠሪው ነው፤ የእናንተ ድርሻ በክብር መጥራትና መንገዱን ማቅለል ነው። የከበደው ሰው «በዚሁ መርቄያለሁ፣ ይባረክላችሁ» ብሎ በደስታ ይቀራል። ያልተጠራ ሰው ግን የሚመርቅበት አፍ አይኖረውም።

የእኛ ቤት ቁልፍ እጃችን ሲገባ አንዳንድ ዘመዶች ድግሱን የእርቁ አጋጣሚ እናድርገው አሉ። «ይምጡና እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ጉልበታቸውን ይስማል» ተባለ። እኔ አልተስማማሁም። ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ እንዴት ብለው እንቢ ይላሉ? እንዲህ ያለው እርቅ አዛውንቱን ማስገደድ ነው፤ ቅያሜው ከድግሱ ማግስት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ኅዳር ላይ አብረው ወረዱ። የአካባቢውን ሽማግሌ ይዘው ገቡ፤ ወንድምየው ይቅርታ ጠየቀ፤ እቴቴ አለቀሱ፤ ታረቁ። ያን ቀን የእኛ ድግስ ስሙም አልተነሳ። እዚያው አደሩና በማግስቱ ቡና ላይ፣ አቦሉ ተቀድቶ፣ ባለቤቴ «እቴቴ፣ እኛም ቤት ደርሶልናል። የምርቃቱን ቀን አንቱ ይቁረጡልን» አላቸው።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። እቴቴ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ፦ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት፣ ጥምቀት፣ ጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ንግሥ፣ የእርሳቸው የማኅበር ተራ፣ ጾመ ነነዌ የሚገባበት ሳምንት። ከዚያ «ጥር 26 እሑድ ይሁን። ዓርብ እንመጣለን፣ ቅዳሜ እናግዛለን» ብለው ቆረጡ። እኛ አዲስ አበባ ካላንደር ይዘን ብንቀመጥ ግማሹን እንስተው ነበር። በማግስቱ የወሎውን ዘመድ የሚያስተባብሩት እርሳቸው ሆነው አረፉት፤ ማን እንደሚመጣ፣ ማን ከብት የሚጠብቅለት እንደሚያጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ ሁሉ እየነገሩን። በቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው ካለ ቀን ቆርጣችሁ አትንገሩት፤ አስቆርጡት።

እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ራሳችሁ አስቡበት። ገበሬ ዘመድ በሰኔና በሐምሌ ከእርሻው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአጨዳና ከውቂያው አይነሳም። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ለድግስ አይሆኑም። ሙስሊም ዘመድ ካላችሁ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዓመቱን አጣሩ። ጥር ለሁሉም የተመቸ ይመስላል፤ ግን የሠርግ ወር ስለሆነ በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ድግስ እንዳይገጥማችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ጥሪ ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። ደጀን ያሉት አጎቴ ባለቤታቸውን ያጡት በዚያው ዓመት ነው፤ አርባዋ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ሐዘንተኛን በስልክ ለደስታ መጥራት ነውር ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍም የባሰ ነውር ነው። ራሴ ሄድኩ። ስለ ድግሱ ሳላነሳ አብሬያቸው ዋልኩ፤ ስለ አክስቴ አወራን። ለመነሳት ነጠላዬን ሳጣፋ ነው «ጋሼ፣ ቤት ደርሶን ጥር መጨረሻ ልናስመርቅ አስበናል፤ ይቆይ ካሉን ግን እናቆየዋለን» ያልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አክስትሽ ብትኖር ከሁሉ ቀድማ የምትመጣ እሷ ነበረች። አታቆይው። እኔ አልመጣም፣ ልጆቹ ይመጣሉ» አሉኝ። ከጓዳ አንድ ቅል ማር አውጥተው ሰጡኝ። እናንተም እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ ሂዱ፤ መሄድ ካልቻላችሁ ቅርባቸው ያለ ሰው ይሂድላችሁ። «ይቆይ ካሉ እናቆየዋለን» የምትሉት ግን በእውነት ልታቆዩት ከቆረጣችሁ ብቻ ነው። እኛ ቆርጠን ነበር።

ወደ ስልኩ ልምጣ። የደወልነው ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው፤ የሁለታችንንም ወገን አቻ አቻውን። ሁሉንም በሁለት ምሽት ጨረስን፤ ምክንያቱም አገር ቤት ወሬ ከስልክ ይፈጥናል፣ «ለእነ እገሌ ከነገሩ ሳምንታቸው ነው» መባል ይመጣል። የባለቤቴን ዘመዶች እሱ ሰላም ካላቸው በኋላ ጥሪውን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ደግሞ እሱ። ምራት ወይም አማች አክብሮ ሲጠራ ሰው ከልቡ ይደሰታል፤ ይህን የመከረችን እናቴ ናት፣ ፍሬውንም አይተነዋል። ገጠር ላለ ሰው የሚደወለው ከብቱ ገብቶ፣ እራት ከመብላቱ በፊት ባለችው ሰዓት ነው፤ ወይም ከተማ በሚወጣበት የገበያ ቀን። ያልኩትን እንዳለ ልጻፍላችሁ፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሰፈሩ ደህና ነው? እግዜር ረድቶን ቤት ደርሶልናል። ጥር 26 እሑድ ጠበል አስረጭተን፣ ዳቦ ቆርሰን ልናስመርቅ ነው፤ መጥተው ቢመርቁልን ደስታችን ነው። መኪና ዓርብ ጠዋት ከኮምቦልቻ ይነሳል፣ ሰኞ ይመልሳችኋል፤ ማደሪያውም ተዘጋጅቷል። ጤናዎ ወይም ሥራዎ ካልፈቀደልዎ ደግሞ ባሉበት ይመርቁን፤ ቅር አይለንም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ ቦታዋንም አትቀይሩ። መኪናውንና ማደሪያውን ከመናገራችሁ በፊት «ካልተመቸዎት ይቅርብዎ» ካላችሁ «አትምጡ» እንዳላችሁ ነው የሚቆጠረው። ሁሉን አዘጋጅታችሁ በመጨረሻ ስትሏት ግን ሰውየው ያለ ጭንቀት የሚመልስላችሁ መልስ ያገኛል። ካርድና የቴሌግራም ግሩፕም ተጠቅመናል፤ ግን ለእኩዮቻችን፣ ታላላቆቹ ሁሉ በድምፅ ከሰሙ በኋላ ነው። ጠሪ አክባሪ ነው ይባላል፤ ለአዛውንት የተላከ የካርድ ፎቶ ግን አክብሮ እንደ ጠራ አያስቆጥርም።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው አፍሮ ስለማያነሳው እኔ ላንሳው። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የሚያወጣው የመሳፈሪያ ብቻ አይደለም። «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ» ብሎ በግ የሚሸጥ አለ፤ ነጠላ የሚገዛ፣ ለልጁ ጫማ የሚበደር አለ። ያን ሁሉ አስባችሁ ካልጠራችሁ ጥሪው ዕዳ ነው። በሌላ በኩል ለታላቅ ሰው «የመሳፈሪያ ልላክልዎ» ማለት «የለዎትም» ማለት ነው፤ ያስቀይማል። እኛ ያደረግነው ከኮምቦልቻ አንድ ሃይሩፍ የደርሶ መልስ ኮንትራት መያዝ ነው። መኪናው «የቤቱ መኪና» ተባለ፤ ያለውም የሌለውም እኩል ተሳፈረ፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚባል ነገር አልተነሳ። ኮምቦልቻ ያለ የወንድም ልጅ ሰብሳቢ ሆነ፤ የምሳና የውኃ ብሩም በእሱ እጅ ነበር። ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስለሆነ፣ በተለይም ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ጥምዝምዝ ለአሮጊቶች ከባድ ስለሆነ፣ ሎሚና ፌስታል ያዙ፣ ከዳገቱ በፊት አሳርፏቸው አልነው። ከጎጃም የመጡት ጥቂት ስለነበሩ ደብረ ማርቆስ ያለ የአክስቴ ልጅ ትኬታቸውን ቆርጦ «መቀመጫ ተይዞልዎታል» ብሎ ነገራቸው። ዛሬ ቴሌብር ስላለ ይህ በጣም ቀሏል፤ ብሩ ግን ለተጓዡ ሳይሆን ለሰብሳቢው ይላክ።

ስለ ስጦታም እንዲሁ። «ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ» ካላችሁ አይሰሟችሁም፤ ከሰሟችሁም ያዝናሉ። ከጓሯቸው የማይጠፋ፣ ክብር ያለው ነገር ጠይቁ። እኔ እቴቴን የለመንኳቸው ጌሾ ነው። ሳምንታት ቀድመው በሹፌር እጅ ላኩት፤ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የታሰረ፣ ቅጠሉ ለብቻ እንጨቱ ለብቻ የተለየ። ጠላው በእሱ ተጠመቀ። የድግሱ ቀን ባለቤቴ ተነስቶ «ይህ ጠላ በእቴቴ ጌሾ ነው የተጠመቀው» ሲል እቴቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ጠጪው ሁሉ እየመጣ ጉልበታቸውን ይስም ጀመር። በግ ሸጠው ቢያመጡ ይህን አያገኙም ነበር።

ማደሪያው ከድግሱ በላይ ነው የሚታሰብበት። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው አራተኛ ፎቅ በቀን ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ሥቃይ ነው። ምድር ላይ ያሉትን ጎረቤታችንን ገና በታኅሣሥ ጠይቀን እቴቴና ልጃቸው እዚያ አደሩ፤ ብቻቸውን ሰው ቤት ማሳደር አይገባም፣ የሚያውቁት ሰው አብሯቸው ይሁን። ለምርቃቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በየፎቁ ወንበር አስቀምጠን እያሳረፍን አወጣናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው «ቤት ለእንቦሳ!» ሲሉ ከውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ «እንቦሳ እሰሩ!» አለ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከእድርና ከጎረቤት ተሰበሰበ። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው የአዲስ አበባን የጥር ሌሊት አይችለውም፤ ለሰው አንድ ብርድ ልብስ ብላችሁ አትቁጠሩ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉም ጀሪካኑም ከዓርብ በፊት ሞልቶ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱን አጠቃቀም የማያውቅ እንግዳ ጠይቆ አያውቅም፤ ይቸገራል እንጂ። አንዲት ጨዋ ልጅ መድበን ሴቶቹን አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይሰማ እንድታሳያቸው አደረግን፤ ለወንዶቹም እንዲሁ ወንድ ልጅ።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር። የእቴቴ ልጅ ያገባችው ሙስሊም ነው፤ ባሏ፣ እናቱ፣ ወንድሞቹም መጡ። ወሎ ላይ ሠርጉም ልቅሶውም የጋራ ነው፤ እርዱ ግን ለየብቻ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ድግስ የሚያግዙን ግን ብዙዎቹ ይህን አያውቁትም። «ለእነሱ ዶሮ ይሠራላቸው» ያለች ነበረች፤ ዶሮም እርድ ነው። ሌላ ቦታ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እንግዶቹ ላለማስቀየም ሰላጣና ዳቦ እየቆነጠሩ ተርበው ይሄዳሉ፣ ደጋሹም «በልተዋል» ብሎ ደስ ይለዋል።

እኛ አንድ በግ ለብቻ ገዛን፤ ብሎካችን ውስጥ ያሉ ሙስሊም ጎረቤታችን አረዱት፤ ባለቤታቸው ኮሚናሉ (የግቢው የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ በሌላኛው ጥግ፣ በራሷ ድስት፣ በራሷ ቢላዋና መክተፊያ ሠራችው። የሚያግዙት ልጆች እንዳይቀላቅሉ ብላ በእያንዳንዱ ጭልፋ እጀታ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ቀዳ አሰረችበት። ምግቡ ሲቀርብ ሌላ ሰው አላቀረበውም፤ ራሷ ይዛ ገባችና «እማማ፣ ያረደው ባለቤቴ ነው፣ ድስቱም የቤቴ ነው። ቢስሚላህ በሉ» አለቻቸው። የአማችየው እናት ጭልፋውን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ ከዚያ መሶቡን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ። አቀራረቡም ከሌላው እኩል በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አዳራሽ ነበር፤ ለይቶ ጓዳ ማስቀመጥ ያስከፋል። ጠላ ለማይጠጡት ብርዝና ለስላሳ፣ ለሶላት ደግሞ ንጹሕ ክፍል ከነምንጣፉና ከነመታጠቢያ ውኃው ተዘጋጅቷል። ጠዋት ቄሱ ጠበል ረጩ፤ ከምሳ በኋላ ቡና ላይ የወሎ ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉልን። ቤታችን በሁለቱም ተመረቀ።

የመጣላችሁን ነገር ተቀብላችሁ ወደ ጓዳ አትወርውሩት። ቆማችሁ፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ ለተቀመጠውም ሰው «ጋሼ ከደጀን የላኩት ማር ነው» ብላችሁ አሳዩ። አንዲት ልጅ ማን ምን እንዳመጣ በደብተር ጻፈችልን፤ ወደፊት የምንመልሰው ነውና። የገንዘብ ስጦታ ግን በማይክ አይነበብ። አንዳንድ ድግስ ላይ «እገሌ ይህን ያህል ሺህ ብር» ተብሎ ሲነበብ ቅቤ በቅል ይዘው የመጡት ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ ስለማውቅ፣ ይህ ነገር ቤቴ እንዳይገባ አጥብቄ ነበር የተናገርኩት።

ባሕር ማዶ ያሉትን በተመለከተ፣ ዋሽንግተን ያሉት የባለቤቴ አጎት ሊመጡ አልቻሉም። ፈቃድ የሚጠይቁትም፣ ትኬት በርካሽ የሚያገኙትም ወራት ቀድመው ሲያውቁ ነው፤ እኛ የነገርናቸው ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ኅዳር መጨረሻ ነበር። እንዲህ ላለ ዘመድ ቁልፉን የተቀበላችሁ ዕለት ንገሩ፤ ቀኑ ኋላ ይደርሳል። በጥር ወር ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ነው። ጠዋት ጠበል ሲረጭ እሳቸው ጋ ሌሊት ስለሆነ የደወልነው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቡናው ሲፈላ ነው፤ እሳቸው ጋ ገና የእሑድ ጠዋት ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰክተን ከሽማግሌዎቹ ጋር በተራቸው መረቁ። እንዲሁ ስልክ በእጅ እየዞረ «ሰላም ነህ፣ ይሰማል?» ከመባባል ሰዓት ይዞ፣ ተራ ሰጥቶ፣ ሁሉን ጸጥ አድርጎ ማስመረቅ ይሻላል።

ጅዳ ያለችው እህቴ ነገር ለየት ይላል። ለቅድመ ክፍያው ካገዙን አንዷ እሷ ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ የምታገኘን ማዳሟ ስትተኛ በኢሞ ነው። ስለዚህ አንደውልላትም፤ በድምፅ መልእክት እንተውላትና ሲመቻት ትደውላለች። ዓረብ አገር ያለ ሰው «ድግስ አለን» ሲባል የሚሰማው «ብር ላኪ» የሚል ነው፤ ስንቱ እንዲህ እየተባለ ደመወዙን ጨርሷል። እኔ መጀመሪያውኑ «ብር እንዳትልኪ፤ ከላክሽ እመልሰዋለሁ። የምፈልገው ቤቱን እንድታዪው ነው» አልኳት። ቅዳሜ ማታ እንግዳው ተኝቶ ሳለ ስልኩን ይዤ ክፍል በክፍል አዞርኳት፤ መስኮቱን ከፍቼ ሰፈሩን አሳየኋት፣ ቁም ሣጥኑን ክፈችው እያለች ከፈትኩላት። እሑድም ባለቤቴ በሰው ሁሉ ፊት «ይህ ቤት የእሷም ላብ አለበት» ብሎ ስሟን ጠራ። ከሩቅ ሆኖ ላገዘ ሰው ከድግሱ በኋላ የተቆራረጠ ቪዲዮ መላክ አይበቃም፤ ከእንግዳው ቀድሞ ይየው።

ሰኞ ሲሸኙ ለእያንዳንዱ ቤት ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለእናቶቹ ነጠላ ተቋጥሮ ነበር። የመንገድ ብር ለሰብሳቢው ተሰጠ። ማታ ኮምቦልቻ መድረሳቸውን ደውለን ካረጋገጥን በኋላ በነጋታው ደግሞ ለየቤቱ ደውለን «መንገዱ እንዴት ነበር፣ ጉልበትዎን አላመመዎትም?» አልን።

ዛሬ ቤት ለምታስመርቁ አንድ የምጨምረው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ መንገድ አስጨናቂ አድርጎታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። ያን ሁሉ እያወቃችሁ «ካልመጣችሁ እንቀየማለን» አትበሉ። አባት እናታችሁ እንኳ ቢሆኑ አታግባቡ። ጥሯቸው፤ ግን «መንገዱ ሰላም ካልሆነ እንዳትነሱ» በሉ፤ ኮንትራት ከያዛችሁም ከሹፌሩ ጋር እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊቀር የሚችል አድርጋችሁ ተስማሙ።

ላልመጡት ደግሞ ድርሻቸውን ውሰዱላቸው። እኛ በዚያው ዓመት ፋሲካ ማግስት ድፎ ዳቦ አስጋግረን ደጀን አጎቴ ቤት ሄድን፤ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እሳቸው ዳቦውን ቆርሰው እዚያው መረቁን። ስትሄዱ የምርቃቱን ፎቶ በወረቀት አሳጥባችሁ ያዙ። አጎቴ ስልካቸው ፎቶ አይከፍትም፤ የወሰድንላቸውን በመስታወት አስገብተው ከአክስቴ ፎቶ አጠገብ ሰቅለውታል፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ማን የት እንደቆመ እያሳዩ ያወራሉ።